የትራኮማ ቈጠራና የእጅ ስልክ፤ የአሠራሩ ጽሑፍ ለሁሉ ስለ ተገለጠ መሣሪያ

የገበሬ ሀብቱ በሬና መሬት ብቻ አይደለም፤ ዓይኑም ነው። ትራኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም በልጅነት ይጀምርና ደጋግሞ ሲይዝ የዓይኑን ቆብ ከውስጥ ያቈስለዋል። ቍስሉ ሲጠግግ ቆቡ ይኰማተርና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቀዋል። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ከፀሓይና ከአቧራ መሸሽ ይፈልጋል፤ ነገር ግን በእርሻና በአውድማ የሚውል ሰው ከሁለቱ የሚሸሽበት ስፍራ የለውም። ሽፋሽፍቱን በወረንጦ እያስነቀለ ጥቂት ቀን ያርፋል፤ ፀጉሩ ተመልሶ ሲበቅል ሥቃዩም ይመለሳል፤ በመጨረሻውም ብሌኑ ነጭ ይለብስና ብርሃኑ ይጠፋል። ሴቶች ከሕፃናት ጋራ ስለሚውሉ ከወንዶች ይልቅ ይህ መከራ ያገኛቸዋል።

የሕመሙ መከላከያ የታወቀ ነው። ሽፋሽፍቱ የታጠፈበትን ሰው በቀዶ ጥገና ማዳን፤ ለሕዝቡ አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ማደል፤ የልጆችን ፊት ማጠብ፤ ውሃ ማቅረብና መጸዳጃ ቤት ማሠራት ነው። ሕመሙን ከልጅ ወደ ልጅ የምታመላልሰው ዝንብ የምትራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ስለ ሆነ፥ መጸዳጃ ቤት መቈፈር የዓይን ሕክምና ክፍል ነው ቢባል ሐሰት አይደለም። መድኃኒቱን ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። ይሁን እንጂ የሚታደለው ለአንድ ቤት ወይም ለአንድ ሕመምተኛ ተለይቶ ሳይሆን ለወረዳው ሕዝብ በሙሉ ነው፤ እድላውም የሚፈቀደው ዕድሜአቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑት ልጆች መካከል ከመቶው ቢያንስ 5ቱ የሕመሙ ምልክት ሲታይባቸው ነው። ቍጥሩ ከፍ ባለ መጠን እድላው የሚቈይበት ዘመንም ይረዝማል። እንግዲህ ያልተቈጠረ ወረዳ፥ ዕውሩ ቢበዛም፥ መድኃኒት የሚጠይቅበት ማስረጃ የለውም ማለት ነው።

ቈጠራው ቀድሞ በወረቀት ሲደረግ ድካሙ ብዙ ነበር። ወረቀቱ ዝናም ይመታዋል፤ የጸሓፊው እጅ አይነበብም፤ አንዱ ቅጠል በበቅሎ ጭነት መካከል ይጠፋል። ከተማ ከደረሰ በኋላም ሁለት ሰዎች እያንዳንዱን መልስ ወደ ኮምፒዩተር እየገለበጡ ወራት ይፈጃሉ። ስሕተት ቢገኝ መርማሪው ከመንደሩ ርቆ ስለሚሄድ የሚያርመው አይገኝም።

በታኅሣሥ ወር 2005 ዓ.ም. በኦሮሚያ ገጠር የተጀመረው የዓለም የትራኮማ ካርታ ሥራ ይህን ልማድ ለወጠው። መርማሪው 2.5 ጊዜ አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር የልጁን የዓይን ቆብ ገልብጦ ያያል፤ ያየውንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ ባልንጀራው በእጅ ስልክ ላይ ይመዘግባል። ስልኩ ቤቱ የሚገኝበትን ስፍራ ከሰማይ በሚመጣ ምልክት ለይቶ ይይዛል፤ ውሃው ከየት እንደሚቀዳና መጸዳጃ ቤት መኖሩን ይጠይቃል። የሦስት ዓመት ልጅን ዕድሜ 33 ብሎ የሚጽፍ ቢኖር ስልኩ ወዲያው ሊጠይቀው ይችላል። ለአዋቂ የሚገባው ጥያቄ ለሕፃን እንዳይቀርብም ራሱ ያልፈዋል። የስልክ መሥመር በሌለበት ቈላ የተጻፈው በስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ይቈይና መሥመር ሲገኝ ይላካል። በኦሮሚያ ብቻ 252 የገጠር ወረዳዎች በ79 ክፍል ተመድበው ከ127 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተመረመሩ። ሥራው በ2008 ዓ.ም. ሲፈጸም በ29 አገሮች 2.6 ሚሊዮን ሰዎች ታይተዋል።

በስልኩ ላይ የነበረው መሣሪያ የተሠራው ኦፕን ዳታ ኪት ከተባለው ነው። ይህን በ2000 ዓ.ም. የጀመሩት በአሜሪካ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፕሮፌሰር ጋኤታኖ ቦሪዬሎና ተማሪዎቻቸው ናቸው። ኦፕን ሶርስ ይባላል፤ ይኸውም መሣሪያው የተሠራበት ጽሑፍ ለሁሉ የተገለጠ ነው ማለት ነው። ማንም ሰው ያለ ዋጋ ወስዶ ሊመረምረው፥ ለአገሩ ቋንቋና ለሥራው እንዲስማማ ሊለውጠው፥ የለወጠውንም ለሌላ ሊያካፍል ይችላል። የዘር ጎተራውን ቈልፎ ከሚሸጥ ነጋዴና ዘሩን ከአዘራሩ ጋራ ከሚሰጥ ጎረቤት የትኛው እንደሚሻል ባላገር አያጣውም። ጥያቄዎቹንም በኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ ማዘጋጀት ስለሚቻል፥ ሠንጠረዥ መጻፍ የሚያውቅ የወረዳ ጸሓፊ ጥቂት ቢማር የራሱን ቅጽ ሊያወጣ ይችላል። መሣሪያው ለጤና ብቻ አይደለም፤ ዛሬ የእርሻና የከብት ጥናትም ይደረግበታል።

የተገለጠ መሣሪያ ሁሉ ግን ለሁሉ ስፍራ አይስማማም። አፕል የተባለው ኩባንያ በ2007 ዓ.ም. ሪሰርችኪት የተባለውን የሕክምና ምርምር መሣሪያ ለሁሉ ገለጠው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ የተሠራ የልብ ጥናት በአንድ ቀን ውስጥ ከ10 ሺህ የሚበልጡ ፈቃደኞችን አገኘ፤ ሐኪሞች ለማግኘት ብዙ ጊዜ የሚፈጁበት ቍጥር ነው። ነገር ግን እዚያ መልስ የሚሰጠው ውድ ስልክ የያዘው ሰው ራሱ ነው። ስልክ የሌላት እናትና ፊደል ያልቈጠረ ሽማግሌ ከጥናቱ ውጭ ይቀራሉ። ስለዚህ ለገጠር የሚስማማው መርማሪው ይዞት ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው ዓይነት ነው።

ደግሞም መሣሪያው ያለ ዋጋ ሲገኝ ሥራው ያለ ዋጋ የሚፈጸም የሚመስለው ብዙ ነው። ስልኩ ይገዛል፤ ባትሪው ይሞላል፤ ሠራተኛው ይማራል፤ የተላከውን የሚቀበል ኮምፒዩተርና የሚጠብቀው ባለሙያ ያስፈልጋል። ለመጀመር ቀላል ስለ ሆነም እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ቈጠራ እየጀመረ አገሩን ያደናግራል። የኡጋንዳ ጤና ሚኒስቴር በ2004 ዓ.ም. እንዲህ ያሉት የሙከራ ሥራዎች በዝተው አንዱ ከሌላው ጋራ ባለመስማማታቸው አዲስ እንዳይጀመር እስከ ማገድ ደርሶ ነበር። በትራኮማው ሥራ ግን ደንቡ አንድ ነበር፤ የየአገሩ ጤና ሚኒስቴር አይቶ ያላጸደቀው ቍጥርም አልወጣም።

የወረዳ ሹም፥ የቀበሌ ሊቀ መንበርና የመሬት ባለይዞታ የሚገቡበት በር እዚህ ላይ ነው። ቡድኑ አገሩን ሁሉ አያይም፤ መንደሮቹ በዕጣ ይወጣሉ፥ በመንደሩም ውስጥ በአንድ ቀን ሊታይ የሚችለው ያህል ቤት እንዲሁ ይመረጣል። ዕጣውም የሚወጣው ከአገሩ መዝገብ ነው። ባሕር ማዶ የሚሠራ የኮምፒዩተር ዐዋቂ በመዝገቡ ያልተጻፈችውን የሸለቆ ቤት ሊያውቃት አይችልም። እንግዳ ደስ እንዲለው ብሎ ከመንገድ ዳር ወዳሉት ቈርቈሮ ቤቶች የሚመራ ሹም ቍጥሩን ያሳንሳል፤ መድኃኒት እንዲበዛ ብሎ ዓይነ ሕሙማንን የሚሰበስብም ያበዛዋል። ሁለቱም የገዛ ወረዳቸውን ይጐዳሉ። ከብት ጠባቂ ልጆች ጧት በተሰማሩበት ቀን ቡድኑ ቢመጣ የሚያገኘው ሕፃናትን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የቡድኑ ቀን ለወላጆች አስቀድሞ ቢነገር፥ ልጆቹም እስኪታዩ ድረስ ከብቱን ሌላ ሰው ቢጠብቅ ይገባል።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። በስልኩ የገባው የሰው ሕመምና የቤቱ ስፍራ ነው። ሕዝቡ ይህን የሚሰጠው ለሐኪም ብሎ ነው፤ ለግብር ወይም ለመሬት ክርክር አይደለም። ኦፕን ዳታ ኪት መልሱን ቈልፎ የሚልክበት ዘዴ አለው፤ መክፈቻው በመርማሪው ስልክ ውስጥ ስለማይቀመጥ ስልኩ ቢሰረቅ እንኳ የተቈለፈው አይነበብም። ነገር ግን የትኛው ቤት ምን እንዳለ ለማወቅ ሹሙ ራሱ ጸሓፊውን ቢያስገድድ ይህን የሚከለክል ቍልፍ የለም፤ አንድ ጊዜ የተታለለ መንደርም በሚቀጥለው ቈጠራ በሩን ይዘጋል።

ሥራው ትሮፒካል ዳታ በተባለ ስም ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ቀጥሏል። መድኃኒት በታደለበት ወረዳ የመጨረሻው እድላ ከተፈጸመ ቢያንስ 6 ወር ቈይቶ፥ ሕመሙ መቀነሱን ለማየት ቡድኑ ይመለሳል። የሚገባው ግን አስቀድሞ ወደ ታየችው መንደር ብቻ አይደለም፤ ዕጣው በወረዳው መዝገብ ላይ እንደ ገና ይጣላል።