ትልቅ የኤስኤስዲ ካሽ ሲነሳ ለምን ይዘገያል?

ሰርቨሩን ዳግም አስነስታችሁ ቢካሽ የተባለው የሊኑክስ ካሽ ለብዙ ደቂቃ ብቅ ሳይል ቢቀር፣ እባካችሁ ካሹን ለማጥፋት አትቸኩሉ። በራይትባክ፣ ማለትም መጀመሪያ ካሹ ላይ ጽፎ በኋላ ወደ ዋናው ዲስክ በማዛወር የሚሠራ ከሆነ ገና ወደ ዋናው ዲስክ ያልተዛወረ ዳታ በውስጡ አለ። ካሹ ከጠፋ ያ ዳታም አብሮ ይጠፋል።

ቢካሽ ሲነሳ የትኛው ዳታ የት እንደተቀመጠ የሚያሳየውን ቢትሪ የተባለ ማውጫ ሙሉውን አንብቦ ይፈትሻል። ከዚያም ያልተዛወረውን ዳታ መጠን ይቆጥራል። ካሹ ትልቅ ሲሆን፣ በተለይም እንደ ዳታቤዝ ትንንሽና የተበታተነ ዳታ ሲጻፍበት፣ ማውጫው ያብጣል።

በመጀመሪያ አይኦስታት በተባለው ትዕዛዝ ኤስኤስዲው እየተነበበ መሆኑን እዩ። እየተነበበ ከሆነ ሥራ ላይ ነውና ታገሱት። ቀጥሎ የከርነሉን ስሪት ተመልከቱ። ቀድሞ ይህን ፍተሻ የሚሠራው አንድ ትሬድ ብቻ ነበር፤ በ2020 ከወጣው 5.7 ወዲህ ግን ሥራው ለብዙ ትሬዶች ይከፋፈላል። በእኔ እምነት ከርነሉን ማሻሻል ከማንኛውም ሌላ ማስተካከያ ይቀድማል።

ብዙዎች የሚዘነጉት የጊዜ ገደቡን ነው። መሣሪያዎችን የሚያስተናግደው ዩዴቭ በነባሪው ለአንድ ሥራ የሚሰጠው 180 ሰከንድ ነው፤ ካለፈ ሥራውን ያቋርጠዋል፣ የካሹ ምዝገባም ሊከሽፍ ይችላል። ሲስተሙን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ደግሞ ዲስኩን የሚጠብቀው 90 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ወደ ኢመርጀንሲ ሞድ ሊገባ ይችላል። ሁለቱንም ገደቦች አራዝሙ።

በቢካሽ ፈንታ ዲኤም ካሽ የተባለውን ሌላ የሊኑክስ ካሽ የምትጠቀሙ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ በድንገት ከጠፋ፣ ሲነሳ በካሹ ያለውን ሁሉ እንዳልተዛወረ ይቆጥረዋል፤ በራይትባክ ላይ ከሆነም እንደገና ወደ ዋናው ዲስክ ይጽፈዋል።