ከፍ ያለ የሞተር ብስክሌት መሪና በፍጥነት ጊዜ የሚከሰተው መንቀጥቀጥ

ሞተር ብስክሌት በአነስተኛ የነዳጅ ወጪ ሰውን ከቦታ ቦታ የሚያደርስ፣ መኪና በማይገባበት መንገድም የሚያልፍ ተሽከርካሪ ነው። በኢትዮጵያም በገጠር ቀበሌዎች ተዘዋውረው ለሚሠሩ ባለሙያዎች አገልግሎት እየሰጠ ይገኛል። ይሁንና በሁለት ጎማ የሚሄድ ተሽከርካሪ ሚዛኑን የሚጠብቀው በአሠራሩ፣ በጭነቱና በአሽከርካሪው አቀማመጥ መካከል ባለው መጣጣም በመሆኑ ከሦስቱ አንዱን መለወጥ ቀሪዎቹንም ይነካል። በተገልጋዮች ፍላጎት ብዙ ጊዜ ለውጥ ከሚደረግባቸው የሞተር ብስክሌት ክፍሎች አንዱ መሪው ነው።

ፋብሪካው ከወሰነው መጠን በላይ ከፍ ያለ መሪ የመግጠም ልማድ ጎልቶ የታየው በአሜሪካ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት ሞተር ብስክሌቶቻቸውን እንደየፍላጎታቸው እየቀያየሩ የሚገጣጥሙ ሰዎች ተበራከቱ። እ.ኤ.አ በ1969 ለዕይታ የበቃው «ኢዚ ራይደር» የተሰኘው ፊልም ደግሞ ከፍ ያለ መሪ የተገጠመላቸውንና የፊት ጎማቸው ወደፊት ርቆ የወጣ ሞተር ብስክሌቶችን በሌሎች አገሮችም አስተዋወቀ። አሽከርካሪው እጆቹን ወደ ላይ ሰቅሎ ስለሚይዘው ይህ ዓይነቱ መሪ «የዝንጀሮ መንጠልጠያ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ስም ወጥቶለታል።

ልማዱ እየተስፋፋ ሲሄድ በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች የመሪ ከፍታ ገደብ በሕግ ደንግገዋል። የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ አሽከርካሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መሪውን ሲይዝ እጆቹ ከትከሻው በላይ ከ6 ኢንች፣ ማለትም 15 ሳንቲ ሜትር ከሚያህል ከፍታ እንዳያልፉ ይከለክላል። ሌሎች ግዛቶች ደግሞ ከፍታውን የሚለኩት ከወንበሩ ተነስተው ነው። በሁለቱ አለካኮች መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ከወንበር የሚነሳው መለኪያ ተሽከርካሪውን ብቻ የሚመለከት ሲሆን፣ ከትከሻ የሚነሳው ግን ተሽከርካሪውንና ሰውየውን አንድ ላይ ይመለከታል። በመሆኑም አንዱ ሞተር ብስክሌት ለረጅም ሰው የተፈቀደ፣ ለአጭር ሰው ግን የተከለከለ ሊሆን ይችላል።

ከፍታው ለምን ገደብ እንዳስፈለገው ለመረዳት በቅድሚያ ሞተር ብስክሌት እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ ማየት ይጠቅማል። መሪው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ይህ ዘንግ በምናብ እስከ መሬት ቢዘረጋ የሚያርፈው የፊት ጎማው መሬት ከሚነካበት ቦታ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ጎማው ዘንጉን ተከትሎ ይጎተታል። በሆስፒታል ተሽከርካሪ አልጋ እግር ላይ የሚገኘው ትንሽ ጎማ አልጋው ሲገፋ በራሱ ጊዜ ወደ መስመሩ እንደሚመለስ ሁሉ፣ የሞተር ብስክሌቱም የፊት ጎማ ትንሽ ቢዞር ወደ ቀጥታ አቅጣጫ የሚመልሰው ኃይል አለው።

ይሁን እንጂ ያው አልጋ በፍጥነት ሲገፋ ትንሿ ጎማ ግራና ቀኝ መርገፍገፍ ስትጀምር ይስተዋላል። ወደ መስመሩ የሚመልሰው ኃይል ጎማውን ከመስመሩ አሳልፎ ወደ ሌላኛው ወገን ይወስደዋል፤ ከዚያም መልሶ ያመጣዋል። ይህን እንቅስቃሴ የሚያበርድ ነገር ከሌለ ውዝዋዜው እየሰፋ ይሄዳል። በሞተር ብስክሌት ላይ የሚደርሰው የመሪ መንቀጥቀጥም መነሻው ይኸው ነው።

እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮቢን ሻርፕ እ.ኤ.አ በ1971 ባሳተሙት ጥናት የሞተር ብስክሌትን አለመረጋጋት በሒሳብ ቀመር በመተንተን ሁለት ዓይነት ውዝዋዜዎችን ለይተው አሳይተዋል። አንደኛው የፊት ጎማውና መሪው ብቻ በፍጥነት የሚርገፈገፉበት መንቀጥቀጥ ሲሆን በሰከንድ ከ4 እስከ 10 ጊዜ ያህል ይመላለሳል። ሁለተኛው መላው ተሽከርካሪ ከነአሽከርካሪው እንደ እባብ ግራና ቀኝ የሚጥመለመልበት መዋዠቅ ነው። ይህኛው ዘገም ያለ ቢሆንም ፍጥነት በጨመረ ቁጥር እየከፋ የሚሄድ በመሆኑ አደገኛነቱ ከፍተኛ ነው።

መንቀጥቀጡን አሽከርካሪው በእጁ ጥረት ሊያስቆመው የማይችለው በጊዜ እጥረት ምክንያት ነው። መሪው በሰከንድ 8 ጊዜ ቢመላለስ አንዱ ምልልስ የሚፈጀው የሰከንድ አንድ ስምንተኛ ነው። ሰው አንድን ነገር አስተውሎ ምላሽ ለመስጠት ግን ቢያንስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ያስፈልገዋል። አሽከርካሪው መሪውን ወደ ግራ ሊመልስ ሲሞክር መሪው አስቀድሞ ወደ ግራ ሄዷል። በዚህ የተነሳ ማረሚያ የተባለው ግፊት ራሱ ውዝዋዜውን ያባብሰዋል።

ከፍ ያለ መሪ በዚህ ሒደት ውስጥ የሚኖረው ድርሻ በአራት መንገድ ይገለጻል።

የመጀመሪያው ነፋስ ነው። ከፍ ያለ መሪ የያዘ አሽከርካሪ ደረቱን ከፍቶና ክንዶቹን ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። የነፋስ ግፊት ከፍጥነት ካሬ ጋር አብሮ ስለሚያድግ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ አሽከርካሪና ሞተር ብስክሌቱ በባሕር ወለል ከፍታ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ የሚገጥማቸው ግፊት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም የሚያህል ሲሆን፣ በ80 ኪሎ ሜትር ግን ወደ 18 ኪሎ ግራም ይጠጋል። አሽከርካሪው ወደ ኋላ ላለመገፋት መሪውን መጎተት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ነፋሱ ሰውነቱን ባወዛወዘው ቁጥር እንቅስቃሴው በክንዶቹ በኩል ወደ መሪው ይተላለፋል።

ሁለተኛው የክብደት ሽግግር ነው። በሁለቱ ጎማዎች መካከል 1 ነጥብ 3 ሜትር ርቀት ባለው ሞተር ብስክሌት ላይ ከላይ የተጠቀሰው የ18 ኪሎ ግራም ግፊት ከመሬት በ1 ሜትር ከፍታ ላይ ቢያርፍ ከፊት ጎማው ላይ 14 ኪሎ ግራም ያህል ጭነት ቀንሶ ወደ ኋላ ያሸጋግራል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን አሽከርካሪ በመሪው ምክንያት 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢያፈገፍግ ተጨማሪ 5 ኪሎ ግራም ያህል ከፊት ይቀንሳል። በኋላ ወንበር ላይ ዕቃ ወይም ሰው ሲጨመር ደግሞ ሁኔታው ይብሳል። ክብደት ወደ ኋላ መሸሹ መዋዠቅን የሚያበረታታ ሲሆን፣ የቀለለ የፊት ጎማም ጉድጓድ ወይም ጉብታ ላይ ሲነጥር ዞሮ በማረፍ መንቀጥቀጥን ሊያስነሳ ይችላል።

ሦስተኛው የመሪው የራሱ ጠባይ ነው። ረጅም ብረት ይበልጥ ይተጣጠፋል፤ ክብደቱም ይጨምራል። አሽከርካሪው በእጁ የሚሰጠው ትዕዛዝ ወደ ጎማው የሚደርሰው በሚተጣጠፍ ብረት በኩል ከሆነ ትክክለኛነቱ ይቀንሳል። ክብደቱ የጨመረ መሪም አንዴ መወዛወዝ ከጀመረ በቀላሉ አይቆምም።

አራተኛው የአሽከርካሪው ክንድ ነው። ክርኑን አጠፍ አድርጎ መሪውን ሳያጠብቅ የያዘ ሰው ክንዱ እንደ አሞርዛተር የመሪውን መንቀጥቀጥ ያበርዳል። እጆቹ ከትከሻው በላይ ለረጅም ሰዓት የተሰቀሉ ሰው ግን ጡንቻው ይዝላል፤ ጣቶቹም ይደነዝዛሉ። የደከመ ሰው ደግሞ ወይ አጥብቆ ይጨብጣል፤ ወይ ይለቃል። ሁለቱም ከማብረዱ አገልግሎት ያጎድላሉ።

ከእነዚህ ነጥቦች መረዳት የሚቻለው ከፍ ያለ መሪ ብቻውን የመንቀጥቀጥ መንስኤ አለመሆኑን ነው። ጤናማ በሆነ ሞተር ብስክሌት ላይ በአግባቡ የተገጠመ ከፍ ያለ መሪ ሳይንቀጠቀጥ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። መጠነኛ ከፍታ ያለው መሪ ለወገብ ዕረፍት የሚሰጥ ሲሆን፣ በአስቸጋሪ መንገድ ላይ ቆሞ ለማሽከርከርም ያመቻል። ችግሩ ያለው ከፍታው ሌሎች ጉድለቶችን የመሸከም አቅምን በመቀነሱ ላይ ነው። የላላ ወይም ያረጀ የመሪ ኩሽኔታ፣ አየሩ የጎደለ ወይም እኩል ያልተበላ ጎማ፣ የተጣመመ ቸርኬና ወደ ኋላ የበዛ ጭነት በመደበኛ መሪ ላይ ትንሽ ንዝረት ብቻ ሊፈጥሩ ይችላሉ። በከፍተኛ መሪ ላይ ግን ያው ጉድለት አሽከርካሪውን ከመንገድ ሊያስወጣ ይችላል።

ሌላው ትኩረት የሚያሻው ጉዳይ የኬብሎችና የፍሬን ቱቦዎች ርዝመት ነው። መሪው ከፍ ሲል የነዳጅ መስጫው፣ የፍሪሲዮኑና የፍሬኑ መስመሮች አብረው መርዘም ይኖርባቸዋል። የቀድሞዎቹ ተወጥረው ከተተዉ መሪው ወደ አንድ ወገን በሚዞርበት ጊዜ ነዳጅ ሳይፈለግ ሊሰጥ ወይም የፍሬን ቱቦ ሊበጠስ ይችላል።

መንቀጥቀጥ ከተከሰተ መወሰድ ስለሚገባው እርምጃ የአሜሪካ የሞተር ብስክሌት ደህንነት ፋውንዴሽን ለአሽከርካሪዎች የሚሰጠው መመሪያ ግልጽ ነው። አሽከርካሪው መሪውን ሳይለቅ፣ ነገር ግን ከእንቅስቃሴው ጋር ሳይታገል መያዝ፣ ነዳጁን ቀስ በቀስ መቀነስ፣ ክብደቱንም ወደፊትና ወደ ታች ማድረግ ይጠበቅበታል። ፍሬን መያዝ መንቀጥቀጡን ሊያባብሰው ይችላል። ፍጥነት ጨምሮ ለማምለጥ መሞከርም ተሽከርካሪውን ይበልጥ ያናጋዋል። ከዚያም ከመንገድ ወጥቶ ቆሞ መንስኤውን መመርመር ተገቢ ነው።

ሞተር ብስክሌት ለሠራተኞቻቸው የሚያቀርቡ መሥሪያ ቤቶችም ከዚህ የሚወስዱት ቁም ነገር አለ። በግዥ ወቅት የመሪው ከፍታና ስፋት ከተጠቃሚዎቹ ቁመትና ከሚጓዙበት መንገድ ጋር የሚስማማ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከርክክብ በኋላ መሪ መቀየር ከተፈለገም በባለሙያ ውሳኔ ብቻ እንዲከናወን ማድረግ ይገባል። በየጊዜው በሚካሄድ ምርመራ ደግሞ መሪውን ብቻ ሳይሆን የመሪ ኩሽኔታውን፣ የጎማውን አየርና የኋላ ጭነቱን አብሮ ማየት ይጠይቃል። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስቶ መሪውን ቀስ ብሎ ወደ ግራና ቀኝ ማዞር፣ ወደፊትና ወደ ኋላም መነቅነቅ የኩሽኔታውን መላላት ወይም መሻከር ለማወቅ የሚያስችል ቀላል ዘዴ ነው፤ የሚፈጀውም ጥቂት ደቂቃ ነው።

የከፍታ ገደብ መደንገግ ለቁጥጥር አመቺ ቢሆንም በሳንቲ ሜትር የሚለካ ቁጥር ብቻውን ደህንነትን አያረጋግጥም። ከገደቡ በታች ያለ መሪ ኩሽኔታው በላላ ሞተር ብስክሌት ላይ አደጋ ሊያስከትል ይችላል። በመሆኑም የመሪ ከፍታ ከጎማው፣ ከጭነቱና ከአሽከርካሪው ጋር ተያይዞ ሊታይ ይገባል። ለሥራ ማልዶ የወጣ ባለሙያ አመሻሹ ላይ በሰላም ወደ ቤቱ መመለሱ የሚወሰነው በእነዚህ ሁሉ ድምር ነው።