ማተርሆርን፣ በረዶ የጠረበው ተራራ

ቶብለሮን ቸኮሌት የበላ ሰው ማተርሆርንን ያውቀዋል፤ ለዓመታት ማሸጊያው ላይ የነበረው ሾጣጣ ተራራ እሱ ነው። የምርቱ ከፊል ወደ ስሎቫኪያ ሲዛወር፣ የስዊዘርላንድ ሕግ አገራዊ ምልክትን እንደልብ መጠቀም ስለማይፈቅድ እ.ኤ.አ. በ2023 ከማሸጊያው እንዲነሳ ተወሰነ። ተራራው ራሱ ግን የስዊዞች ብቻ አይደለም። ድንበሩ በአናቱ ላይ ያልፋል፤ በሰሜን ዘርማት፣ በደቡብ የጣሊያኗ ብረይ-ቸርቪኒያ ከግርጌው ሰፍረዋል።

ከፍታው 4,478 ሜትር ነው፤ ከራስ ደጀን ጥቂት ያንሳል። ራስ ደጀን ለምድር ወገብ ስለሚቀርብ በረዶ ቢጥልበትም አይከርምበትም። በአልፕስ ግን የጣለው በረዶ ከዓመት ዓመት እየተደራረበ፣ የታችኛው በላይኛው ክብደት እየተጠቀጠቀ ጠጣር ግግር ይሆናል። ግግሩም በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ቁልቁል ይንሸራተታል። ሲሄድ ከጀርባው ዓለት እየነቀለ፣ ሥሩን እየፋቀ ተራራውን ይቦረቡረዋል። ማተርሆርን ከየአቅጣጫው እንዲህ ተቦርቡሮ፣ ከመካከል የተረፈው ይህ አራት ፊት ያለው ስል ጫፍ ነው።

ዓለቱም የራሱ ጉድ አለው። ከላይ ያለው ከአፍሪካ በኩል ከመጣ የአህጉር ቁራጭ ነው፤ ከሥሩ የተነጠፈው ደግሞ በአፍሪካና በአውሮፓ መካከል የነበረ የጥንት ባሕር ወለል። አህጉራቱ ሲጋጩ አሮጌው ዓለት ተገፍቶ ወጣቱ ላይ ወጣ።

ለረጅም ጊዜ የማይደፈር ሲባል የቆየውን ጫፍ ሐምሌ 14 ቀን 1865 (እ.ኤ.አ.) ሰባት ሰዎች ረገጡት፤ መሪያቸው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዊምፐር ነበር። ሲወርዱ ከቡድኑ አባላት አንዱ፣ ልምድ ያልነበረው ሃዶው አዳለጠውና ከፊቱ ያለውን አስጎብኚ ሚሼል ክሮዝን ገፍቶ ጣለው። ከበላዩ የነበሩት ሃድሰንና ሎርድ ዳግላስም በገመዱ ተጎትተው ተከተሉ። ከዳግላስ በላይ የነበረው ሌላው አስጎብኚ ታውግዋልደር ቋጥኝ ተደግፎ ቢይዝም ገመዱ ተበጠሰ፤ አራቱ ከታች ባለው የበረዶ ግግር ላይ ወደቁ። የዳግላስ አስከሬን ከዚያ ወዲህ አልተገኘም። «ገመዱ ተቆርጦ ነው» የሚል ወሬ ተናፍሶ ነበር፤ የተበጠሰው ቁራጭ ዛሬም በዘርማት ሙዚየም ይታያል። ለአንድ የተራራ ቡድን ሕይወት ይቅርና ለጭነት እንኳ የማይታመን ቀጭን ገመድ ነው ብል አላጋነንኩም።

በረዶ ተራራውን መጥረቡ ብቻ አይደለም፣ ይዞትም ይኖራል። በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ በረዶ አለ፤ የተሰነጣጠቀውን ዓለት እንደ ሲሚንቶ አጣብቆ የሚያቆየው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የበጋ ሙቀት በረታና፣ ብዙዎች በሚወጡበት የሆርንሊ ጠርዝ ላይ ትልቅ ናዳ ተናደ። ዓለቱ ከለቀቀበት ቦታ ላይ በረዶ አፍጥጦ ታየ። ሳይንቲስቶች ከዚያ በኋላ ጠርዙ ላይ የስንጥቆቹን ስፋትና የዓለቱን ሙቀት የሚለኩ መሣሪያዎች ተክለዋል።

ሙቀቱ ለካርታ ሠሪዎችም ሥራ አብዝቷል። በአካባቢው ድንበሩ የሚከተለው በግግሩ ላይ ያለውን የውኃ መለያያ መስመር ነው፤ ግግሩ ሲቀንስ መስመሩ ይሸሻል። ስዊዘርላንድና ጣሊያን በማተርሆርን ዙሪያ ድንበራቸውን ለማስተካከል እ.ኤ.አ. በ2023 ተስማምተዋል፣ ስዊዘርላንድም በቀጣዩ ዓመት ስምምነቱን አጽድቃለች። ጠብ የለበትም፤ የተነካው በአብዛኛው የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ ነው።