ከምድር በታች የተቀበረ ደን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቻችን ጋር ሆነን በትምህርት ቤታችን አጠገብ በሚገኘው የተራቈተ ኮረብታ ላይ ብዙ ችግኝ ተክለን ነበር። በጋው ካለፈ በኋላ ወጥተን ብናይ ከፍየል አፍ የተረፈውን ፀሐይ አድርቆታል። ይልቁንም ያሳፈረን፥ ጉድጓድ ስንቈፍር እንቅፋት ሆነብን ብለን በዶማ ነቅለን የጣልነው ጉቶ ሁሉ ሕይወት ያለው ዛፍ እንደ ነበረ ኋላ መረዳታችን ነው።

እንደሚታወቀው ከሰል፥ የነዳጅ ዘይትና እንጨት ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ ማለት በተለምዶ የተቃጠለ አየር የምንለው፥ ወደ ላይ ይወጣል፤ የምድርንም ሙቀት እንደ ጋቢ ሸፍኖ ይይዛል። በሐዋይ በማውና ሎአ ተራራ ላይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. መለካት ሲጀመር ከሚሊዮን የአየር እጅ 315 ያህሉ እርሱ ነበረ፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ዋናው መድኃኒት ማቃጠልን መቀነስ ነው። የወጣውን መልሶ ለማውረድ ግን ዛፍ ትልቅ ረዳት ነው፤ በቅጠሉ የሳበውን አየር ከውኃ ጋር አዋሕዶ ግንድና ሥር ያደርገዋልና። ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ ዛፉ ተቈርጦ ከነደደም ያው ካርቦን ወደ መጣበት ይመለሳል።

በወላይታ፥ በሁምቦ ወረዳ፥ ተራራው ለማገዶና ለከሰል ተመንጥሮ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ወርልድ ቪዥን ከነዋሪዎቹ ጋር ሥራ ጀምሮ 2,728 ሄክታር ተከለለ፤ አብዛኛውም በአዲስ ችግኝ ሳይሆን በጉቶ ለመለመ። ይህን ዘዴ አስቀድሞ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ በኒጀር ያስፋፋው ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራልያዊ ነው። ጉቶው ካቈጠቈጠው ብዙ ቀንበጥ ብርቱ ብርቱው ይቀራል፤ ሌላው ይገረዛል። ሥሩ ጠልቆ ውኃ ስለሚያገኝ ከችግኝ ፈጥኖ ያድጋል።

ነገር ግን ከብቱን ወደዚያ ይነዳ የነበረ፥ እንጨት ሸጦ ያድር የነበረ ሰው ምን ይሁን? ገበሬዎቹ መሬታችን ሊወሰድብን ነው ብለው ሠግተው ነበር፤ ሥጋታቸውም በእኛ አስተያየት ተገቢ ነበረ። ስለዚህ 7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በደኑ የመጠቀም መብት በሕግ ተሰጣቸው፤ ሣሩን እያጨዱ ለከብት ይወስዳሉ፥ የተገረዘውም ለማገዶ ይሆናል። ደኑ በ30 ዓመት 880,000 ቶን የተቃጠለ አየር እንደሚይዝ ተገምቶ፥ ከዚህ 165,000ውን በዓለም ባንክ ሥር ያለ ፈንድ ሊገዛ ተዋዋለ።

በደቡብ ጎንደርም ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናትና ከምእመናን ጋር ሆነው በአብያተ ክርስቲያናት ደን ዙሪያ የድንጋይ ካብ አሠርተዋል። ካቡ ከብት ሲከለክል ከታላላቆቹ ዛፎች ሥር የበቀለው ለጋ ቡቃያ ሳይረገጥ ያድጋል።

እኛም ዘንድሮ በኮረብታችን ላይ ዶማውን ትተን፥ የቀሩትን ጉቶዎች ቈጥረን ምልክት አድርገንባቸዋል። ከፍየሎቹ ባለቤቶች ጋር ሁለት ጊዜ ተቀምጠናል፤ ሣሩን ማን ያጭዳል በሚለው ግን ገና አልተስማማንም።