«ልጁ ስንት ወር ሆነው?»

ልጇን አዝላ ከገራዶ የመጣችን እናት «ስንት ወር ሆነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «በጤፍ አጨዳ ነው የወለድኩት፤ ወሩን ግን እንጃ ዶክተር» አለችኝ። ጥያቄው ለወግ ያህል የሚጠየቅ አይደለም። ሕፃኑ ለዕድሜው የሚመጥን ክብደት እንዳለው የምናውቀው፣ የኩፍኝ ክትባትንም በ9 እና በ15 ወር የምንሰጠው የተወለደበትን ቀን ይዘን ነው።

ያልተመዘገበ ልደት የሚጎዳው አንድን ልጅ ብቻ አይደለም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ፣ የክትባት ዕቅድ ሲወጣ በየዓመቱ የሚወለዱት ሕፃናት ቁጥር የሚሰላው በግምት ነው። በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ሰው ተፈናቅሎ ተመልሷል። ግምት እንዲህ ያለውን እንቅስቃሴ አይከተልም።

ለምሳሌ በአንድ ቀበሌ 150 ሕፃናት ይወለዳሉ ተብሎ ቢታቀድና 150ዎቹ ቢከተቡ ሪፖርቱ «መቶ በመቶ» ይላል። በእርግጥ የተወለዱት 200 ከሆኑ ግን 50 ሕፃናት ሳይከተቡ ቀርተዋል፤ ማንም አላያቸውም። ኩፍኝ ሲገባ የሚያገኘው እነዚህን ነው።

በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት፣ ምዝገባው ከመጀመሩ ቀደም ብሎ በተሰበሰበ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መረጃ፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ብዙ ወላጆች የሚዘገዩት ስም እስኪወጣ ሲጠብቁ ነው። አቂቃ የሚያወጡ ቤተሰቦች በ7ኛው ቀን ስለሚሰይሙ ብዙ ጊዜ አላቸው። ሴት ልጃቸውን በ80 ቀኗ ክርስትና የሚያስነሱ ግን የሚቀሯቸው 10 ቀናት ናቸው። ስለዚህ ስሙን አስቀድሞ መምከር ይበጃል።

ልብ ይበሉ፦

ጤና ተቋም ከወለዱ የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ሳይቀበሉ አይውጡ። ወረቀቱንና የወላጆችን መታወቂያ ይዘው ወደሚኖሩበት ቀበሌ የክብር መዝገብ ሹም ይሂዱ።

ቤት ከወለዱ በዚያው ሳምንት ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይንገሩ።

የክትባት ካርድ የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም። ሁለቱንም በአንድ ቦታ ያስቀምጡ።

ተወልዶ ያረፈ ሕፃንም ይነገር። ሐዘኑ ከባድ ስለሆነ በዝምታ ይታለፋል፤ ይሁን እንጂ የጨቅላዎች ሞት ካልተቆጠረ መንስኤውን ፈልጎ ቀጣዩን ልጅ ማዳን ያስቸግራል።

ለዚያች እናት ልጅ ዕድሜውን በዓላትን እየቆጠርን በግምት አስቀመጥን። ለሚቀጥለው ልጇ መገመት አያስፈልገንም፤ ቀኑን ጽፋ እንደምትመጣ ነግራኛለች።