የሩቅ ሰው ሒሳብ

እንፍራንዝ በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል መንገድ ዳር ያለች፣ በጉዛራ ቤተ መንግሥት የምትታወቅ ከተማ ናት። የስልክ ክፍያ ታሪካችንን ከእንዲህ ዓይነት ከተማ ሆኖ ማየት ይሻላል። ዋጋው ምንጊዜም የሚከብደው ልጁ ወይም ዘመዱ የራቀበት ሰው ላይ ነውና።

አዲስ አበባንና ሐረርን በ1886 ዓ.ም. ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር የተዘረጋው ለመንግሥት ጉዳይ ነበር። በ1945 የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ ነው አገልግሎቱ ራሱን በቻለ መሥሪያ ቤት እጅ የገባው።

ያኔ የሩቅ ጥሪ በሰው እጅ ያልፍ ነበር። ደዋዩ ቴሌ ሄዶ የሚፈልገውን ከተማና ቁጥር ለኦፕሬተሯ ይነግርና ይቀመጣል። መስመሩ ሲገኝ ይጠራል። ዝቅተኛው ሒሳብ የ3 ደቂቃ ነው፤ በ40 ሰከንድ ቢጨርስም ያንኑ ይከፍላል። ስለዚህ ሰው ከቤቱ የሚወጣው የሚለውን አሰናድቶ ነው፦ ማን እንደታመመ፣ ስንት ብር እንደሚላክ፣ ተስካሩ መቼ እንደሚወጣ። ስለ ልጆቹም ስለ ከብቱም ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር በሆነበት አገር፣ ሰላምታ ማሳጠር ቀላል ነገር አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1958 የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ያለ ኦፕሬተር ከብሪስቶል ወደ ኤዲንብራ ስትደውል፣ ሒሳብ ያዡ ሰው ሳይሆን ቆጣሪ ሆነ። ቆጣሪው በምት ይቆጥር ነበር፦ የእያንዳንዱ ምት ዋጋ አንድ ነው፤ የተደወለለት ከተማ በራቀ ቁጥር ግን ምቱ ይፈጥናል። በእኛም አገር የመደበኛ ስልክ የሩቅ ጥሪ በርቀት ይሰላ ነበር።

ይህን የለወጠው በ1991 በአዲስ አበባ የተጀመረው ሞባይል ነው። ወደ ክፍለ ሀገር ሲዘልቅ፣ ከእንፍራንዝ ወደ ቅርቧ ማክሰኝትም ወደ ሩቋ ሞያሌም የአንድ ደቂቃ ዋጋ እኩል ሆነ። ለገጠር ሰው ከዚህ የበለጠ የታሪፍ ለውጥ አላውቅም፤ ሆኖም ብዙም አልተወራለትም።

ደቂቃው ግን መቆጠሩን አልተወም። ካርድ በሳንቲም ጠርዝ ፍቆ ቁጥሩን የሚያስገባ ሰው እያንዳንዷን ብር ያውቃታል። ለዚህ ነው ሚስኮል መነጋገሪያ የሆነው። አንዴ ጠርቶ መዝጋት «ደርሻለሁ» ነው፤ ደጋግሞ መጥራት «ቶሎ ደውልልኝ» ነው። ሒሳቡ ያለቀበትም በ*807* መልሰው እንዲደውሉለት ይለምናል። የሚከፍለው ደዋዩ ብቻ በመሆኑ፣ ከተማ ሥራ የያዘው ልጅ መልሶ መደወል ግዴታው ሆነ፤ የቤተሰቡ የስልክ ወጪ በእሱ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ጥሪን 40 በመቶ ቀንሶ ከ83 ወደ 50 ሳንቲም አወረደው። በ2015 ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር የአንድ ድርጅት ዘመን አበቃ። አሁን ሰው ደቂቃ ሳይሆን ጥቅል ይገዛል፦ የቀን፣ የሳምንት፣ የወር።

ጥቅሉ በደቂቃ ሲሰላ ርካሽ ነው። ነገር ግን የአብዛኛው ጥቅል ቀኑ ሲያልፍ የተረፈው ደቂቃ ይጠፋል። የወር ደመወዝተኛ አይቸገርም፤ ሽምብራውን ሸጦ በዓመት አንዴ ገንዘብ የሚይዝ ገበሬ ግን በረከሰ ዋጋ የሚገኘውን ትልቁን ጥቅል ከገዛ ሳይጨርሰው ይቀጣል፣ ትንሹን ከገዛ በደቂቃ የበለጠ ይከፍላል። ርቀቱ ከታሪፉ ቢወጣም ቀን መቁጠሪያው በቦታው ገብቷል። በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሁለቱንም ኩባንያዎች የሚቆጣጠር ነውና፣ በገንዘብ የተገዛ ደቂቃ እስኪነገርበት ድረስ ለገዢው እንዲቆይ ማድረግን ከሥራዎቹ ፊት ሊያስቀምጠው ይገባል።