ወፍራሙ ድምፅ የት ገባ?

በ20 ሄርትዝ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ አንዱ ሞገዱ ብቻ 17 ሜትር ይረዝማል። ፊልም የምናይበት ሳሎን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ሜትር አይዘልም። የሆም ቴአትር ሰብዉፈር፣ ማለትም የወፍራሙ ድምፅ ስፒከር፣ ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ባለ 8 ኢንቹን ሸጦ ባለ 12 ኢንች ይዞ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የድሮውን ችግር አግዝፎ ነው የሚያመጣው፤ ምክንያቱም ያስቸገረው ሳጥኑ ሳይሆን ክፍሉ ነው።

ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 4 ሜትር የሆነ ሳሎን እንውሰድ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህን ፍጥነት ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ስናካፍለው 34 ሄርትዝ፣ ለወርዱ እጥፍ ስናካፍለው ደግሞ 43 ሄርትዝ እናገኛለን። በእነዚህ ድግግሞሾች የሚወጣ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ራሱን በራሱ ያበረታል። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠ ልጅ ልክ በሰዓቱ ከተገፋ በትንሽ ጉልበት እየራቀ እንደሚሄድ ማለት ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ሄርትዝ ገደማ ይሰጣል፤ እንግዲህ በዚህ ሳሎን ያቺ ኖታና ጎረቤቷ ቤቱን ሲሞሉት ሌሎቹ ኮስመን ይላሉ። ቡፌው ውስጥ ሲኒዎቹ የሚንጫጩትም በሁሉም ዘፈን ሳይሆን በአንዳንዱ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። የታፈነው ሞገድ ግፊቱ በግድግዳዎቹ አጠገብ ከፍተኛ፣ በክፍሉ መካከል ደግሞ ከምንም የማይቆጠር ይሆናል። 34 ሄርትዙን ክፍሉ መሃል ወንበር ስቦ የተቀመጠ ሰው ጭራሽ ላይሰማው ይችላል፤ ጓዳ ያለችው እህቱ ግን «ቀንሰው እንጂ!» ትላለች። እኛ አገር ሶፋ የሚደረደረው ግድግዳ ተደግፎ ነው። ሰብዉፈሩም ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ጥግ ይወሸቃል። ጥግ ማለት የክፍሉን ሞገዶች ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚቀሰቅስ ቦታ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ግም ግም የሚል ድምፅ ሰምቶ ዕቃውን ቢያማ አይፈረድበትም፤ ጥፋቱ ግን የአቀማመጡ ነው።

መፍትሔው ያስቃል፣ ግን ይሠራል። ሰብዉፈሩን አንሥተህ ዘወትር የምትቀመጥበት ሶፋ ላይ አስቀምጠው። በቤዝ የሚሄድ ዘፈን ክፈትና ሰብዉፈሩ ሊቀመጥ በሚችልባቸው ቦታዎች ሁሉ፣ ጆሮህን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርገህ፣ እየዳህክ አዳምጥ። ቤዙ እኩል፣ ጥርት ብሎ የተሰማህ ቦታ ላይ ሰብዉፈሩን አኑረው። ከጀርባው ያለው ሕግ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በፊዚክስ ሊቃውንቱ በሄልምሆልትዝና በሬይሊ ሥራዎች የታወቀ ነው፤ የድምፁ ምንጭና አድማጩ ቦታ ቢለዋወጡ በመካከላቸው የሚደርሰው ድምፅ አይለወጥም። እንግዳ በሌለበት ቀን ማድረጉ ይመከራል።

ቦታው ሲገኝ ወደ ቁልፎቹ እንሂድ። ክሮስኦቨር የሚባለው፣ ትንንሾቹ ስፒከሮች ሥራቸውን ለሰብዉፈሩ የሚያስረክቡበት ድንበር ነው። ቲኤችኤክስ የተባለውን የሲኒማ ድምፅ ደረጃ የቀረጸው ቶምሊንሰን ሆልማን 80 ሄርትዝን መረጠ፤ ከዚያ በታች ያለው ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ጆሯችን በቅጡ አይለይም። መዳፍ የሚያህሉ ስፒከሮች ላሉት ግን 100 ወይም 120 ይሻላል። የሆም ቴአትሩ ሪሲቨር ይህን ድንበር ራሱ የሚያበጅ ከሆነ የሰብዉፈሩን የራሱን የክሮስኦቨር ቁልፍ እስከ መጨረሻው ከፍቶ መተው ነው፤ ሁለት ማጣሪያ ከተደራረበ መሃሉ ይጎድላል። የሰብዉፈሩን ሞገድ ከስፒከሮቹ ጋር የሚያስማማው የፌዝ ቁልፍ ደግሞ ብዙ ሰው የማይነካው ነገር ነው። በድንበሩ ላይ ያለ ድምፅ ክፈትና አንድ ሰው ከ0 ወደ 180 ሲቀይረው ከሶፋህ ሆነህ ስማ። ጎላ ብሎ የተሰማበት ትክክለኛው ነው፤ በሌላኛው ሰብዉፈሩና ስፒከሮቹ እየተጠፋፉ ነበር።

የድምፁ መጠን ላይ ሰው የሚከራከረው በከንቱ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪ እንዳሳዩት ጆሯችን ለወፍራም ድምፅ ደንቆሮ ቢጤ ነው። 20 ሄርትዝ ከነጭራሹ ለመሰማት ከ70 ዴሲቤል በላይ ይፈልጋል፤ መካከለኛ ድምፅ ግን በጥቂት ዴሲቤል ይሰማል። በለሆሳስ ስናዳምጥ ቤዙ ቀድሞ ይጠፋል ማለት ነው። ማታ ልጆች ሲተኙ ቤዙን ከፍ ያደረገ ሰው ጠዋት መመለሱን ከረሳ፣ ከሰዓት በኋላ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ቢመጣ አይገረም። ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ ይይዛል፣ ወፍራሙን ያሳልፋል፤ ከሥር የሚነጠፍ ስፖንጅም በወለሉ የሚሄደውን ንዝረት እንጂ በአየር የሚሄደውን አያስቆምም።

ኢኳላይዘር ያለው ሰው አንድ ነገር ይያዝ፦ ክፍሉ ያጎላውን ጉብታ ቁረጥ፣ ክፍሉ ያጠፋውን ጉድጓድ ለመሙላት አትሞክር። የጎደለውን ድምፅ በ10 ዴሲቤል ለማሳደግ አምፕሊፋየሩ አሥር እጥፍ ኃይል ማውጣት አለበት፤ ያም ሆኖ የጨመርከውን ክፍሉ እዚያው መልሶ ያጠፋዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ካልበቃ መግዛት ይመጣል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የፒኤምፒኦ (የቅጽበት ጉልበት) ዋት እርሳው። ጀርባው ላይ ከመስመር የሚስበው ኃይል ተጽፏል፤ 60 ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሺህ ዋት ያለማቋረጥ አያወጣም። ኃይሉ በእርግጥ እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚገኘው 3 ዴሲቤል ነው። ዋናው ነገር ኮኑ፣ ማለትም የሚንቀጠቀጠው የስፒከሩ ሾጣጣ፣ የሚገፋው አየር ነው። ከ40 ሄርትዝ ወደ 20 ወርዶ እኩል ለመጮህ አራት እጥፍ አየር መግፋት ይጠይቃል፤ ሰፊ ኮንና ረጅም ምት የሚያስፈልገውም ለዚያ ነው። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ ትንሽ ያስከፍላል። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ የሳሳ በመሆኑ፣ ያው ኮን ያንኑ ያህል ቢንቀሳቀስ ድምፁ በ2 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። የድምፅ ፍጥነት ግን የሚወሰነው በሙቀት ስለሆነ የክፍሉ ስሌት አይዛባም።

ስፒከሩን ብቻ ፈትቶ በትልቅ መተካት ግን አይመከርም። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንዳስረዱት ስፒከሩ፣ የሳጥኑ ይዘትና የአየር መውጫ ቀዳዳው ቱቦ አንድ ላይ የሚሰሉ ናቸው። አንዱ ሲለወጥ ሌሎቹ ይሳሳታሉ። ቱቦው ከተቃኘበት በታች ያለ ድምፅ ሲመጣ ኮኑን የሚይዘው አየር ስለማይኖር ዝም ብሎ ይወራጫል፣ ሲበዛም ሊቀደድ ይችላል። ከአሜሪካ ሻንጣ ውስጥ የመጣ ሰብዉፈር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጀርባውን ማየት ነው፤ በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራውን ከእኛ 220 ጋር ማገናኘት የመጨረሻው ድምፁ ይሆናል።

እኔ ገንዘብ ቢኖረኝ ከአንድ ግዙፍ ሁለት መካከለኛ እገዛ ነበር። በሃርማን ኩባንያ ቶድ ዌልቲ በ2002 ያቀረበው ጥናት ሁለት ሰብዉፈሮች ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ግድግዳዎች አጋማሽ ላይ ሲቀመጡ በመቀመጫዎች መካከል ያለው ልዩነት በጣም እንደሚቀንስ አሳይቷል። በ5 ሜትሩ ሳሎናችን ሁለቱ አጭሮቹን ግድግዳዎች ቢይዙ 34 ሄርትዙን ከሁለት ጫፍ እየገፉ ያጣፉታል፤ 43ቱን ደግሞ ጸጥ በሚልበት በወርዱ መሃል ስለሚቀመጡ አይቀሰቅሱትም። የኋለኛው ሰብዉፈር ገመድ በየት በኩል ይለፍ የሚለውን ከቤተሰብ ጋር መነጋገር ነው።